የሚዛን አፕ ያለ ፕሌይ ስቶር፦ ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ደቅ

ኅዳር 4፣ 2018

አፑ አለ፣ ይሠራል። እዚህ የምጽፈው እንዴት ሰው ስልክ ላይ እንደምናደርሰውና እንዴት እንደምናድሰው ብቻ ነው፣ ስድስት ወር ሙሉ ያደከመኝ ኮዱ ሳይሆን እሱ ስለሆነ።

ድርጅቱ ጣና ዳር ከአስጋሪዎች ዓሣ ተረክቦ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላሉ ሆቴሎችና ሱቆች ያቀርባል። አፑን ፍላተር በሚባል የአፕ መሥሪያ ነው የሠራሁት። መዝጋቢው ሚዛኑ ጋ ቆሞ የአስጋሪውን ስም፣ ዓይነቱን (ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ)፣ ኪሎውንና የቀኑን ዋጋ ያስገባል፣ ኔትወርክ ካለ ወዲያው ይላካል ከሌለ ስልኩ ላይ ይቆያል። 26 ስልክ ነው ያለው። 19ኙ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላና ደልጊ ያሉ መዝጋቢዎች ጋ፣ 4ቱ ሹፌሮች ጋ፣ 3ቱ ቢሮ። ከቢሮዎቹ በስተቀር ሁሉም የሰዎቹ የራሳቸው ስልክ ነው፣ ይሄን አትርሱት ኋላ ይመጣል።

የቀን ዋጋችንና የአስጋሪዎች የብር ሒሳብ ያለበትን አፕ ለሕዝብ ስቶር ላይ ማውጣት አንፈልግም። ስለዚ እስካሁን ኤፒኬውን (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይሉን) የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እጥልና "አዲሱን ጫኑ" እላለሁ። ዛሬ ለ26ቱም ደውዬ ቨርዥናቸውን አስነበብኳቸው። አምስት ዓይነት ቨርዥን ወጣ። አንዱ ግሩፑ ውስጥ ወደ ላይ ስክሮል አድርጎ የሚያዝያውን ነው ያወረደው፣ ሌላኛው ደሞ ከጓደኛው በዜንደር ተቀብሎ። የዋጋ ስሌት ያስተካከልኩበት ቨርዥን ያልደረሳቸው 9 ሰዎች አሉ ማለት ነው፣ እነዚህ ሰዎች በአሮጌው ስሌት ነው እየከፈሉ ያሉት።

ሌላም ነገር አለ። በ2015 ነሐሴ ክልሉ ውስጥ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለረጅም ጊዜ ከቢሮ ዋይፋይ ውጪ ምንም አልነበረም። ያኔ ይሄ አፕ ገና አልተሠራም ነበር እንጂ ቢኖር ማደሻው በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በቃ ቆመ ማለት ነው። ስለዚ ያለ ኢንተርኔትም ሊደርስ የሚችል መንገድ ያስፈልገኛል። ቀነ ገደቡ ሁዳዴ ነው፣ የካቲት 9 ይገባል፣ በጾም የዓሣ ገበያው ሲደራ ማንም ሰው ስልኩን ለኔ አይሰጠኝም።

ኅዳር 10

አማራጮቹን አየሁ።

ጉግል ለድርጅቶች ያዘጋጀው ማኔጅድ ፕሌይ የሚባል አለ። አፑ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ይቀመጣል ግን የሚያየው የድርጅቱ ሰው ብቻ ነው፣ ማደሱም በራሱ ነው። ለብዙ ድርጅት ትክክለኛው መልስ ይሄ ይመስለኛል። ለኛ ግን እያንዳንዱ ስልክ በድርጅቱ ስም መመዝገብ አለበት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ (ያኔ ስልኩ ፋክተሪ ሪሴት ይደረጋል) ወይ የሥራ ፕሮፋይል ለብቻው ይከፈትበታል። በራሱ ብር የገዛውን ስልክ ለሥራችን የሚያውልልንን ሰው "እኛ የምናስተዳድረው ክፍል ስልክህ ላይ ልክፈት" ማለት ከበደኝ። ኢንተርኔት ከሌለ ደሞ አይሠራም።

ኤፍ ድሮይድ ሰርቨርን (የራስህን የአፕ ማከፋፈያ የምትሠራበት) ሁለት ቀን ሞከርኩት። የራስህን ሪፖ (የአፕ ማስቀመጫ) ትከፍታለህ፣ ኢንዴክሱን (የአፖቹን ዝርዝር) ሳይን ያደርግልሃል፣ ማለትም በዲጂታል ቁልፍ ይፈርምበታል፣ ውጤቱ ተራ ፋይል ስለሆነ የትኛውም ሰርቨር ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ወደድኩት። ግን መዝጋቢዎቹ መጀመሪያ ሌላ አፕ መጫን፣ ከዛ ሪፖ አድራሻ ማስገባት ሊኖርባቸው ነው። ቢሮ ያለችውን ሒሳብ ሠራተኛ አስሞከርኳት፣ 25 ደቂቃ ፈጀባት፣ እሷ ደሞ ከሁሉም የምትሻለው ነች። ተውኩት።

ከ26ቱ ውጪ አይፎን ያላቸው ሁለት ሰዎች አሉ፣ ሁለቱም ቢሮ። የአፕል ኢንተርፕራይዝ ፕሮግራም በዓመት 299 ዶላር ነው፣ ዶላሩን እንኳን ብናገኝ 100 ሠራተኛና ከዛ በላይ ያለው ድርጅት ይላል፣ እኛ ግማሹም የለንም። በ99 ዶላሩ አካውንት አድ ሆክ የሚባለው እስከ 100 አይፎን ድረስ የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር አስመዝግቦ መጫን ይቻላል፣ ፕሮፋይሉ ግን በዓመት ይቃጠላል። በዛ ላይ እዛ ሰፈር ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው አንድ ሰርተፊኬት ላይ ነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. አፕል የፌስቡክን የኢንተርፕራይዝ ሰርተፊኬት ሲሰርዝ የሠራተኞቻቸው የውስጥ አፖች በአንድ ቀን መከፈት አቆሙ። ለሁለት አይፎን አልገባበትም፣ ሪፖርቱን በብሮውዘር ያዩታል።

ውሳኔ፦ ኤፒኬውን በራሳችን ሰርቨር ማስቀመጥና አፑ ራሱ አዲስ ቨርዥን ፈልጎ እንዲያወርድ ማድረግ።

ኅዳር 19

ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ላፕቶፔ ሞተ። ማዘርቦርዱ ነው አለኝ ቀበሌ 14 ያለው ጥገና ቤት። ኮዱ ጊት ላይ (ከላፕቶፑ ውጪ የሚቀመጥ ቅጂ) ስላለ ብዙም አልደነገጥኩም፣ የቢሮውን ላፕቶፕ ወስጄ ሁሉንም ነገር እንደገና ጫንኩ፣ ማታውኑ 1.4ን ቢልድ አድርጌ (ከኮዱ ኤፒኬውን አውጥቼ) ግሩፑ ላይ ጣልኩት። የዋጋ ስሌቱ ነገር እያንገበገበኝ ነበር።

ኅዳር 20

ይሄን ቀን በደንብ ልጽፈው።

ጠዋት ከዘጌ ተደወለ። መዝጋቢው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ "ልጄ፣ አልጫንም አለኝ እኮ" አሉ። "አፑ አልተጫነም" ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም አይልም። እኔ የፋይል መበላሸት መስሎኝ "ጋሼ አሮጌውን ያጥፉትና አዲሱን ይጫኑት" አልኳቸው። እሺ ብለው አጠፉት፣ አዲሱ ቆንጆ አድርጎ ተጫነ፣ አመሰገኑኝም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቁንዝላም ከደልጊም ያው ጥያቄ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድሮይድ አፕ ሲያድስ አዲሱ ፋይል በድሮው ቁልፍ ሳይን የተደረገ መሆኑን ያያል፣ ካልሆነ አይቀበልም፣ ሌላ ሰው የሠራው አስመሳይ ሊሆን ይችላልና። እንደ ማኅተም ነው። ፍላተር አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት የሪሊዝ ቢልዱ (ለሰው የሚሰጠው) በዲበግ ቁልፍ (ለሙከራ በሚሆነው) ሳይን እንዲደረግ አድርጎ ነው የሚሰጥህ፣ እዛው ፋይሉ ላይ "የራስህን ቁልፍ እዚህ አስገባ" የሚል ማስታወሻ አለው። እኔ ያንን ማስታወሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልፌዋለሁ። የዲበግ ቁልፍ ደሞ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ለየብቻው የሚፈጠር ነው። የሞተው ላፕቶፕ ማኅተም ሌላ፣ የቢሮው ላፕቶፕ ማኅተም ሌላ።

ለዘጌ መልሼ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ከማጥፋትዎ በፊት ያልተላከ ነበር?" "አዎ፣ የአራት ቀን፣ ኔትወርክ የለም እኮ።" አፕ ሲጠፋ ዳታው አብሮ ይጠፋል። 61 ርክክብ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አጥፉ ያልኩት እኔ ነኝ።

ግሩፑ ላይ "ማንም እንዳያጠፋ፣ ማንም እንዳይጭን" ብዬ ጻፍኩ፣ ከዛ ለያንዳንዱ ደወልኩ፣ ፋይሉንም ከግሩፑ አነሳሁት። ሌላ ያጠፋ የለም።

ኅዳር 22

ዘጌ ሄድኩ። ጋሼ አፑ ከመጣ ጀምሮ ደብተር አያስፈልግም ተብለው የነበረ ቢሆንም ከልምድ ደብተራቸውን አልተዉም። በላስቲክ የተጠቀለለ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው፣ ገጾቹ በውሃ ርሰው ደርቀዋል፣ የእስክሪብቶው ሰማያዊ ፈስሷል፣ አንዱ ገጽ ላይ የቀረሶ ቅርፊት ተጣብቆ ደርቆ ቁጥሩን ሸፍኖታል፣ በጥፍራቸው ቀስ ብለው አነሱትና "14 ኪሎ ተኩል" ብለው አነበቡልኝ። ሁለታችን ወደቡ ጋ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን 48ቱን አነበብን። የቀሩትን 13 አስጋሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው፣ የነገሩንን ሒሳብ ቢሮ ሳያንገራግር ከፈለ።

ሲመሽ ጋሼ "አንተ ልጅ፣ ማሽኑ ከተሳሳተ የሚታረም አይደለም እንዴ" አሉኝ። ማሽኑ እንዳልተሳሳተ፣ እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ደብተሩን እንዲቀጥሉበት ለመንኳቸው፣ የሁሉም ጣቢያ መዝጋቢዎች ደብተር እንዲይዙም ቢሮውን አስማማሁ። 19 ደብተር፣ ባለ 50 ቅጠል፣ ከነ እስክሪብቶው 1,900 ብር። በዚህ ፕሮጀክት ካወጣነው ብር ሁሉ ይሄኛው ጥሩ ብር ነው።

ኅዳር 28

ከሞተው ላፕቶፕ ላይ ሀርድ ዲስኩን አስወጣሁት፣ ዩኤስቢ መያዣ ገዛሁለት፣ 1,300 ብር። ዲስኩ ደህና ነው። ሆም ፎልደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምረው የአንድሮይድ ፎልደር አለ፣ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ አላየሁትም ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ከዛ የተደበቁትን አሳይ ስለው መጣ። ዲበግ ኪስቶር፣ ቁልፉ ያለባት፣ ከሦስት ኪሎ ባይት በታች የሆነች ፋይል። በዚች ቁልፍ 1.3ን ቢልድ አድርጌ ቢሮ ያለው ስልክ ላይ ከነባሩ በላይ ጫንኩት፣ ገባ። ዳታው እንዳለ ነው።

ይቺ ፋይል ባትገኝ ኖሮ ያለው ምርጫ አንድ ነበር፣ 25 ሰው ጋ ሄዶ ያልተላከው እስኪላክ ጠብቆ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን።

ታኅሣሥ 3 እስከ 9

አሁን ጥያቄው በዲበግ ቁልፏ እንቀጥል ወይስ እንቀይር ነው። የዲበግ ቁልፍ ፓስወርድ በዓለም ላይ ያለ አንድሮይድ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው "አንድሮይድ" የሚለው ቃል ነው፣ ፋይሏን ያገኘ ሰው በኛ ማኅተም አፕ ሠርቶ ለመዝጋቢዎቻችን ሊልክ ይችላል። ላፕቶፔን ደሞ ሰው ይዋሳል። መቀየር አለበት።

አንድሮይድ ከ9 ጀምሮ ቁልፍ መቀየር ይፈቅዳል። ኤፒኬ ሳይነር በሚባለው መሣሪያ ሮቴት የሚል ትዕዛዝ አለ፣ አሮጌውን ቁልፍና አዲሱን ትሰጠዋለህ፣ ሊኒየጅ የሚባል ፋይል ያወጣል። እንደ ኑዛዜ ቁጠሩት፣ አሮጌው ቁልፍ "ከኔ በኋላ ወራሼ ይሄ ነው" ብሎ የፈረመበት። ኤፒኬውን በሁለቱም ቁልፍ ሳይን አድርገህ ኑዛዜውን አብረህ ታስገባለህ። ከ9 በታች የሆነ ስልክ ኑዛዜውን ማንበብ ስለማይችል አሮጌውን ቁልፍ ብቻ አይቶ ይቀበላል።

ሞከርኩት፣ አንድሮይድ 14 ስልክ ላይ አዲሱ ሰርተፊኬት መጣ፣ አንድሮይድ 11 ስልክ ላይ ግን በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያይ መሣሪያ) ሳየው አሁንም አሮጌው ነው። አንድ ቀን ተኩል እዚህ ላይ ቀረ። ሦስቴ ከመጀመሪያው ሠራሁት፣ ስልኩን ወቀስኩ። ለካ አዲሶቹ ቢልድ ቱልሶች (የአንድሮይድ አፕ መሥሪያዎች) ላይ ካልነገርካቸው በቀር ቅያሬው የሚሠራው ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ላለ ስልክ ብቻ ነው፣ ከዛ በታች ላለው ሆን ብለው በአሮጌው ይተውታል። ሮቴሽን ሚን ኤስዲኬ ቨርዥን የሚል አማራጭ አለ፣ 28 ብዬ ስሰጠው 11ዱም ተቀየረ። 28 ማለት አንድሮይድ 9 ነው።

ስድስት የተለያየ ስልክ ላይ ሞከርኩ፣ ሁሉም ዳታቸውን ሳይነኩ ታደሱ። አንድሮይድ 8.1 የሆኑ ሁለት ስልኮች አሉን፣ እነሱ በአሮጌው ቁልፍ ነው የሚቀጥሉት፣ ስለዚ ሁለቱ ስልኮች እስኪለወጡ አሮጌዋን ቁልፍ መጣል የለም፣ ኑዛዜዋንም።

አዲሱ ቁልፍ ለ30 ዓመት ነው የተፈጠረው። በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩት፣ አንዱ ቢሮ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ዓባይ ማዶ። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ጋ። የሰርተፊኬቱን ሻ 256 አሻራ (ማመሳከሪያ ቁጥሩን) ደሞ የድርጅቱ የንብረት መዝገብ ላይ በእጅ ጻፍነው፣ 64 ፊደልና ቁጥር፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ እያነበበችልኝ ሁለቴ አመሳከርን። ጉግል በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ደሞ ከስቶር ውጪ የሚጫን አፕም ማንነቱ የተረጋገጠ ሠሪ እንዲኖረው ይፈለጋል፣ ከመስከረም 2026 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ይጀምራል፣ ወደ ሌላው ዓለም ከ2027 ጀምሮ። እኛ ጋ ሲደርስ የምናስመዘግበው የፓኬጅ ስሙን (የአፑን መለያ) እና ይሄንኑ ቁልፍ ነው። ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ከኔ ሌላ ሰው መኖር ነበረበት ከድሮም።

ታኅሣሥ 17

የፋይሉ መጠን። ሁሉንም ፕሮሰሰር የያዘው ኤፒኬ 54 ሜጋ ነው፣ ለደልጊ ኔትወርክ ይሄ ብዙ ነው። ፍላተር በየፕሮሰሰሩ ለያይቶ ያወጣል፣ 64 ቢቱ 19 ሜጋ፣ 32 ቢቱ 17 ሜጋ ሆነ። ርካሽ ስልኮች ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ የተጫነው አንድሮይድ 32 ቢት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ አፑ ራሱ ስልኩን ጠይቆ የቱ እንደሚስማማው ለሰርቨሩ እንዲናገር አደረኩት። ከ26ቱ 7ቱ 32 ቢት ወጡ።

የቨርዥን ኮዱ (አንድሮይድ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይበት ቁጥር) ጉዳይ ደሞ ከዚሁ ጋር የመጣ ነው። 64 ቢቱን በቨርዥን ኮድ 31 ብዬ አወጣሁ፣ ቢሮ ስልክ ላይ ጫንኩ። ማግስቱን ትንሽ ነገር አስተካክዬ ለቸኮለ ሰው ትልቁን 54 ሜጋውን በ32 አወጣሁ፣ አልጫንም አለ። ማኅተሙ ትክክል ነው፣ 32 ከ31 ይበልጣል፣ ምን ሆነ? ፍላተር ሲለያይ ለ32 ቢቱ 1000፣ ለ64 ቢቱ 2000 ይጨምርበታል። ስልኩ ላይ ያለው 31 ሳይሆን 2031 ነው፣ እኔ የምሰጠው ደሞ 32። አንድሮይድ ወደ ኋላ አይመለስም። ከአሁን በኋላ ትልቁን አላወጣም፣ ቢልድ ስክሪፕቱ ውስጥም ዘጋሁት።

ጥር 3

ማደሻው ተሠራ። ሰርቨሩ ላይ ትንሽ ፋይል አለች፣ የመጨረሻው ቨርዥን ኮድ፣ የፋይሉ ሻ 256፣ መጠኑና ምን እንደተቀየረ በአማርኛ ሁለት መስመር። አፑ ሲከፈት ያያታል፣ አዲስ ካለ ያወርዳል፣ ሻ 256ቱን ያመሳክራል፣ ከዛ ኢንስቶለሩን (የስልኩን አፕ ጫኚ) ይጠራል። ከማደሱ በፊት ዳታቤዙን ኮፒ አድርጎ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ይሄ ከዘጌው የተማርኩት ነው፣ ያለሱ አላወጣውም ነበር።

ያጋጠሙኝ፦ ፋይሉን በቀጥታ በአድራሻው ለኢንስቶለሩ መስጠት ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አይቻልም፣ ፋይል ፕሮቫይደር በሚባለው በኩል ነው። አፕ የመጫን ፈቃድ ማኒፌስት (አፑ የሚፈልገው ፈቃድ የሚዘረዘርበት ፋይል) ላይ መጻፍ አለበት። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ደሞ "ያልታወቁ አፖችን ጫን" የሚለው ፈቃድ ለስልኩ በሙሉ ሳይሆን ለየአፑ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ ቴሌግራም ላይ ከፍተውት የነበሩ ሰዎች ለኛ አፕ እንደገና መክፈት አለባቸው። ሰርቨሩ ላይ ለኤፒኬ ትክክለኛውን ሚም ታይፕ (የፋይሉን ዓይነት መግለጫ) ጻፉ፣ ካልሆነ በብሮውዘር የሚያወርድ ሰው አንዳንዴ ዚፕ ሆኖ ይቀመጥበታል።

ፕሌይ ፕሮቴክት (የጉግል የአፕ መርማሪ) የማያውቀውን አፕ ሲያይ ይጠይቃል፣ ይመረምራል። ይሄን አጥፉት ብዬ ለሰው አልነግርም፣ ያው ሰው ነገ ከሌላ ቦታ የሚመጣበትን ሌባ አፕ የሚያቆምለት እሱ ነው። ይልቅ ምን እንደሚያስደነግጠው አየሁ። የክፍያ ማረጋገጫ ለማንበብ ብዬ የኤስኤምኤስ ፈቃድ አስገብቼ ነበር፣ አጭበርባሪ አፖች የሚጠይቁትም ያንኑ ነው። አወጣሁት፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን መዝጋቢው በእጁ ያስገባል፣ አሥር ሴኮንድ ነው። ከዛ በኋላ ማስጠንቀቂያው ቀለለ።

ጥር 6

የቁንዝላው መዝጋቢ ሰባት ጊዜ ሞክሮ አልወረደለትም፣ 12 ሜጋ፣ 15 ሜጋ ይደርስና ኔትወርክ ሲቆረጥ ከዜሮ ይጀምራል። የሰውዬው ጥቅል አለቀ። የካርዱን ብር በቴሌብር መለስኩለትና የዛኑ ማታ ማውረጃውን ቀየርኩት፣ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ሰርቨሩን "ከዚህ ባይት በኋላ ያለውን ስጠኝ" ይለዋል። በማግስቱ በአራት ቁራጭ ወረደለት።

ጥር 15

ጥምቀት አለፈ፣ ከተማው ሲረጋጋ ያለ ኢንተርኔቱን መንገድ ጀመርኩ። ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጠዋት ጠዋት ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፣ አብዛኛው መዝጋቢ በሳምንት አንዴ ለሒሳብ አብሮ ይመጣል። ስለዚ ማደሻው ወደቡ ላይ ይጠብቃቸው። ትርፍ ስልክ ወሰድኩ፣ ተርሙክስ (ስልክ ላይ እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያስኬድ አፕ) ጫንኩበት፣ በፓይተን ትንሽ ሰርቨር አስነሳሁ፣ ሆትስፖት ከፈትኩ። ፓወር ባንክ 2,400 ብር። አፑ ከሆትስፖቱ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ እዛ ይፈልጋል።

ቢሮ ውስጥ ሠራ፣ ወደብ ላይ አልሠራም። ሚዛኑ እየተጠበቀ፣ ዓሣው ፀሐይ እየመታው፣ አምስት ሰው ስልክ ይዞ ቆሞ፣ ይቅርታ ብዬ ወደ ሥራቸው ሸኘኋቸው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ቢሮ የሞከርኩት በአሮጌ ስልክ ነው፣ የድሮ አንድሮይድ ሆትስፖት አድራሻው ሁልጊዜ 192.168.43.1 ነው፣ እኔም አፑ ውስጥ ያንን ጽፌዋለሁ። ወደብ የወሰድኩት ስልክ አዲስ አንድሮይድ ነው፣ አድራሻውን ይቀያይራል። አሁን አፑ የዋይፋዩን ጌትዌይ (ሆትስፖቱን የከፈተውን ስልክ አድራሻ) ጠይቆ እዛ ይሄዳል። ሁለተኛ ስልኮቹ "ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብለው ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳሉ፣ "ቢሆንም ቆይ" የሚለውን መንካት አለባቸው።

ሆትስፖቱ ላይ ኤችቲቲፒኤስ (መሃል ገቢን የሚከላከል ግንኙነት) የለም። ይሄ መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር፣ በኋላ ግን ሳስበው ማንም ሰው መሃል ገብቶ ሌላ ፋይል ቢሰጠን በኛ ቁልፍ ካልታተመ ስልኩ አይቀበለውም። በፍላሽ ይምጣ፣ በዜንደር ይምጣ፣ በጀልባ ይምጣ፣ ማኅተሙን የሚያየው ስልኩ ነው። ይሄ የሚሠራው ግን ነባሩ አፕ ስልኩ ላይ ካለ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጭን ሰው የሚያመሳክርበት ስለሌለው አዲስ ሰው ሁልጊዜ ከኔ ወይም ከሒሳብ ሠራተኛዋ እጅ ብቻ ነው የሚጭነው።

ጥር 22

ወደብ ላይ 11 ስልክ በአንድ ጠዋት ታደሰ። 19 ሜጋ በሆትስፖት ከአሥር ሴኮንድ በታች ነው።

ጥር 28፣ ደቅ

ደቅ ያሉት ሦስቱ መዝጋቢዎች ወደ ከተማ ቶሎ አይመጡም፣ ስለዚ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ይዤ በጀልባ ሄድኩ። ሁለቱ ወዲያው ታደሱ። ሦስተኛዋን እትዬ ነው የምላቸው፣ ከጣቢያዎቹ ሁሉ በጣም ንጹሕ መዝገብ ያላቸው ናቸው፣ ስልካቸው አንድሮይድ 8.1 ከነዛ ከሁለቱ አንዱ። "ቦታ የለም" አለ። 90 ሜጋ ነው የቀረው። ፎቶ ነው የሞላው፣ የልጆቻቸው፣ የልጅ ልጅ ክርስትና።

"አጥፋው እንግዲህ ምን ይደረግ" አሉኝ። አይ እትዬ፣ ምንም አናጠፋም አልኩ። ኦቲጂ ገመድ ነበረኝ (ፍላሽን ከስልክ የሚያገናኝ፣ 220 ብር፣ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ)፣ ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ፍላሹ ላይ አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ከዛ እሳቸው ራሳቸው ስልኩ ላይ እንዲቀሩ የሚፈልጓቸውን መረጡ፣ የቀረውን አነሳን። አንድ ሰዓት ፈጀ። 17 ሜጋውን 32 ቢት ስልካቸው በአሮጌው ቁልፍ ተቀበለው፣ ያልተላኩ 22 ርክክቦች ሁሉም አሉ፣ እሳቸው ከደብተራቸው እያነበቡ እኔ ከስልኩ እያየሁ አንድ በአንድ ቆጠርናቸው። ፍላሹ እሳቸው ጋ ቀረ።

የካቲት 6

እስካሁን የወጣው፦ ደብተር 1,900፣ የዲስክ መያዣ 1,300፣ ፓወር ባንክ 2,400፣ ሦስት ፍላሽ 2,250፣ ኦቲጂ 220፣ ዘጌና ደቅ መጓጓዣ 1,600። ሰርቨሩ ድሮም የነበረ ነው። ለአፕ ስቶር የከፈልነው የለም።

ከ26ቱ 25ቱ ቨርዥን 41 ላይ ናቸው። የቀረው የደልጊው ነው፣ ስልኩ ከጀልባ ላይ ወድቆ ስክሪኑ ተሰብሯል፣ ንክኪ አይሰማም፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግም (ኮምፒውተር ስልኩ ውስጥ እንዲገባ የሚፈቅደው) ስላልተከፈተ በኤዲቢ መግባት አልቻልኩም። ውስጡ የስድስት ቀን ርክክብ አለ። መዝጋቢው ደብተሩን ይዟል፣ በስልክ አስነብቤው 37 መስመር ጽፌያለሁ፣ ግን ከስልኩ ጋር ሳላመሳክር ሒሳቡን አልዘጋም። ስክሪኑን 2,800 ብር ገዝቼ ጥገና ቤቱ ጋ አስቀምጫለሁ። ስልኩ ነገ ከዓሣው ጋር በጀልባ ይመጣል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ወደብ ላይ እቀበለዋለሁ።